ከደለስ ኤርፖርት ኡበር ብቻ?

«ከደለስ ኤርፖርት ዋሽንግተን ለመግባት ከኡበር ሌላ አማራጭ የለም» ያልከው ወንድሜ፣ ይሄ የድሮ ወሬ ነው። በፈረንጆች ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ሲልቨር ላይን የሚባለው የሜትሮ ባቡር እዚያው ኤርፖርቱ ጋ ይቆማል። ሻንጣህን ይዘህ የባቡሩን ምልክት ተከተል። በምድር ውስጥ መተላለፊያ ጥቂት ደቂቃ ትሄዳለህ፤ ወለሉ ራሱ የሚወስድህ ቦታም አለ። የባንክ ካርድህን በሩ ላይ ነካ አድርገህ መግባት ነው። መሃል ከተማ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ዋጋው ግን 10 ዶላር አይሞላም። ኡበር ፈላጊ ሲበዛ ዋጋው ይሰቀላል፤ ዝናብ ከተጨመረበትማ አይነሳ! እርግጥ ባቡሩ ሌሊት ይዘጋል። ሁለት ሻንጣ ሙሉ በርበሬና ሽሮ ከያዝክም ኡበሩን ጥራ፣ አልፈርድብህም።