መጀመሪያ ደብተሩን አምጡ

ሰሞኑን በአንድ የእንስሳት ሀብት ውይይት ላይ የተባለው ነገር አንጀቴን አሳረረው። ተናጋሪው የጂኖሚክስ፣ ማለትም የከብቱን ዘረ መል የሚመረምር ላቦራቶሪ ይቋቋማል አሉ። ይሁን፣ ይቋቋም። ቀጥለው ግን ወተት በየላሙ መመዝገብ ያለፈበት አሠራር ነው አሉ። ከጭራዋ ፀጉር ተነቅሎ ይመረመርና ስንት ሊትር እንደምትሰጥ ይታወቃል! አዳራሹም አጨበጨበ።

ፀጉር ወተት አይናገርም። የዘረ መል ቺፕ የሚባለው መመርመሪያ የሚያነበው በላሟ ጂኖም፣ ማለትም በጠቅላላ ዘረ መሏ ላይ ያሉ 50 ሺህ ገደማ ነጥቦችን ነው። ነጥቦቹ ብቻቸውን ምንም ማለት አይደሉም። ትርጉም የሚያገኙት ወተታቸው ተለክቶ፣ አባትና እናታቸው ታውቆ ከተመዘገቡ በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶች ጋር ሲነፃፀሩ ነው። ያ መዝገብ ከሌለ ኮምፒውተሩ ከምን ተነስቶ ይገምት?

"አሜሪካኖቹ እኮ በጂኖም ነው የሚመርጡት" ይሉናል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሆልስቲን የሚባለው የወተት ዝርያ ኮርማ በጂኖሙ በይፋ ይመዘናል። ልጆቹ አድገው እስኪታለቡ አምስት ስድስት ዓመት መጠበቅ ቀርቷል፤ ገና ጥጃ እያለ ይመረጣል። ግን ይህ ሁሉ በምን ላይ ቆመ? በአሜሪካ የሚሺጋን ግዛት ገበሬዎች በማኅበር ሆነው የየላማቸውን ወተት መመዝገብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዴንማርኮች ደግሞ ቬየን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1895 ጀምረውታል። ከዓድዋ አንድ ዓመት ቀድመው ማለት ነው! ከመቶ ዓመት በላይ ሲለኩና ሲጽፉ ኖሩ። ጂኖሙ የመጣው በዚያ ሁሉ ደብተር ላይ ነው። የእኛ ሰዎች ደብተሩን ዘለው ቺፑ ላይ ማረፍ አማራቸው።

ከጂኖም ተነስቶ ወተት የሚገምተውን የፈረንጆቹን ስሌት እንዋስ የሚልም አይጠፋም። የሆልስቲን ስሌት ለአገራችን ዝርያ ለቦረና አይሆንም፤ ለፎገራም፣ ለበጋይትም አይሆንም። ሸኮ የምትባለው ዝርያ በፄፄ ዝንብ የሚተላለፈውን የገንዲ በሽታ የምትቋቋምበት ምስጢር በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ላሞች መዝገብ ውስጥ ተጽፎ አይገኝም። የሚጽፈው ካለ እዚሁ ያለ ሰው ነው።

ጂኖሙን ከልባቸው የያዙትማ ይህን ያውቃሉ። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያና በታንዛኒያ የወተት ከብት ዝርያ ማሻሻያ ፕሮጀክት ጀመረ። ምን ሠራ? መረጃ ሰብሳቢ አሰማርቶ የገበሬውን ላም ወተት አስመዘገበ። የጂኖም ፕሮጀክት ሆኖ ትልቁ ድካሙ ምዝገባ ነበር። በእርግጥ ቺፑም ጠቅሟል። የድቅሏ ላም አባት በማይታወቅበት አገር፣ ምን ያህሉ ደሟ የፈረንጅ እንደሆነ ይለያል። ይህን አልክድም። ከዚህ በላይ ግን አልሰጥም።

የበጎቹን ነገር ደግሞ እዩ። በመንዝ፣ በቦንጋና በሆሮ ገበሬዎች ተደራጅተው፣ ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የራሳቸውን በግ ያሻሽላሉ። ግልገሉ ሲወለድ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል። ይመዘናል፣ ይጻፋል። ድሮ ቶሎ የሚያድገው አውራ በግ ለበዓል ገበያ ቀድሞ ይሸጥ ነበር። መንደሩ ውስጥ ዘር የሚያፈራው ገዢ ያልወደደው ኮሳሳ ነበር። አሁን ምርጡን በጋራ መርጠው ያስቀሩታል፣ በየተራም ይጠቀሙበታል። ለዚህ ቺፕ አላስፈለገም፤ የበጎቹ ክብደት ግን ጨመረ። ይህ ሥራ ስንት መድረክ ላይ ተጨበጨበለት? ማሽን ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል፤ ለወተት መዝጋቢ ደመወዝ ግን ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አላየሁም።

እሺ፣ ምርጡ ኮርማ ተገኘ እንበል። የዘር ፈሳሹ ላሟ ዘንድ እንዴት ይደርሳል? ድራቷ፣ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ፣ ከአንድ ቀን አያልፍም። በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያዳቅለው ባለሙያ ስልክ አያነሳም፣ ወይ ዘሩን አቀዝቅዞ የሚያቆየው ፈሳሽ ናይትሮጅን አልቋል፣ ወይ ደግሞ እሁድ ነው። ላም እሁድ አታውቅም። ገበሬው ምን ያድርግ? የጎረቤቱን ኮርማ ይለምናል። በቃ፣ በስንት ወጪ የተመረጠው ጂኖም እዚያው ኮንቴይነሩ ውስጥ ቀረ።

70 ሚሊዮን ገደማ ከብት አለን ብለን ከአፍሪካ አንደኛ ነን እንላለን። የሀበሻ ላም በቀን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ትሰጣለች ይባላል። ይህም ቢሆን በቆጠራ ጊዜ ገበሬው ተጠይቆ የነገረው ነው እንጂ ማታና ጠዋት ቆሞ የለካው የለም። በዚህ ላይ ነው እንግዲህ ምዝገባ ያለፈበት ነው የሚባለው። በወጉ ያልጀመርነው ነገር እንዴት ያልፍበታል?

ተናጋሪው በሚቀጥለው መድረክ ላይ አንድ ቁጥር ይንገሩን። ባለፈው ዓመት በገበሬው ቤት ካሉት ላሞች የስንቱ ወተት ከወለዱበት ቀን እስኪነጥፉ ድረስ ተመዘገበ? ቁጥሩን ካላወቁት፣ ያ ሁሉ ፀጉር ተነቅሎ ከምን ጋር ሊነፃፀር ነው?