ኧረ ቀሚሱ የታለ?

በዓል በመጣ ቁጥር ቴሌግራሙም ቲክቶኩም በሐበሻ ቀሚስ ፎቶ ይጥለቀለቃል። ሞዴሏ ቆንጆ፣ ሽመናው ድንቅ፣ ፎቶው ግን አንድ ዓይኗ ብቻ ጥርት ብሎ ሌላው ሁሉ ብዥ! ጥለቱ ብዥ፣ ጥልፉ ብዥ፣ ከሥር ደግሞ «ባክግራውንዱ ሲያምር!» የሚል አድናቂ አይጠፋም። ወገን፣ የፋሽን ፎቶ እኮ ልብስ ማሳያ ነው። ባክግራውንድ ገዝቶ የሚለብስ የለም!

የጀማሪዎቹ ጥፋት ብቻ አይደለም። አስተማሪ ነኝ ባዩ ሁሉ የመጀመሪያ ትምህርቱ «50 በ1.8 ሌንስ ግዛና እስከ ጥግ ክፈተው» ነው። (50ው የሌንሱ የትኩረት ርቀት በሚሊሜትር ነው፤ 1.8ው የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳው ነው፣ ይህ «ኤፍ» የሚባለው ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል።) እስኪ እናስላው። ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ባለው የተለመደ የጀማሪ ካሜራ፣ በ50 ሌንስ፣ ከሞዴሏ 2 ሜትር ላይ ቆማችሁ ኤፍ 1.8 ስትከፍቱ ከፊት ወደ ኋላ ጥርት ብሎ የሚወጣው 12 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ትንሽ ጎን ብላ ከቆመች የወዲያኛው ትከሻዋ አለቀለት። ያንኑ ኤፍ 5.6 አድርጉት፣ ወደ 36 ሴንቲሜትር ይሰፋል። ብርሃን አነሰ? አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 800 አድርጉዋ! ምን እንደ እባብ ያስፈራል? ትንሽ የሻከረ ፎቶ ይታያል፣ የተንቀሳቀሰ ፎቶ ግን ወደ መጣያ ነው። ሻተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ፍጥነት) ለቆመች ሞዴል ከ1/250 ሰከንድ አታውርዱት፣ ነጠላዋን እያውለበለበች ለምትዞር 1/500። «እጄ አይንቀጠቀጥም» ማለት እዚህ አይሠራም፣ የምትንቀሳቀሰው እሷ ናት።

ከሁሉ የሚያበግነው ግን የነጩ ቀሚስ ነገር ነው። ካሜራው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው። ፍሬሙን ነጭ ቀሚስ ሲሞላው «ኧረ ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ ቀሚሱ አመድ ይመስላል፣ የልጅቷ ፊት ደግሞ ጥቁር ጥላ። ከዚያ ጀማሪው ስልኩ ላይ ብርሃኑን እስከ ጫፍ ይገፋዋል። ፊቷ ሲመጣ የሸማው ክር ይጠፋል፣ ቀሚሱ የተቆረጠ ወረቀት ይሆናል። ካሜራው አቀናብሮ ጨምቆ በሚያስቀምጠው ፋይል፣ በጄፔግ ካነሳችሁት ነጥቶ የጠፋ ክር አይመለስም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በሮው (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) አንሱ፣ የብርሃን ማካካሻውን (ካሜራው ከገመተው በላይ ወይም በታች የምታደርጉበትን) ከ+1 ጀምሩ፣ የነጣው ቦታ ብልጭ ድርግም እያለ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ አብሩት፣ ቀሚሱ ላይ ብልጭ ካለ ማካካሻውን በሲሶ በሲሶ ቀንሱ። ፊቷን በኤዲት ሳይሆን ብርሃን በሚመልስ ነጭ የፎም ሰሌዳ አብሩት። አንድ ሜትር የሚያህል ፎም ከወገቧ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከፊት ለፊቷ ሲያዝ ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥላ ጠራርጎ ያነሳዋል። ፎም ከሌለ ነጭ አንሶላ ዘርጉ፣ ማንም አይስቅባችሁም።

ቦታ ምርጫማ ሌላ ጉድ ነው። አረንጓዴ ከተቀባ የግንባታ ቆርቆሮ አጥር አጠገብ አቁመው ሲያበቁ «ፊቷ ለምን አረንጓዴ ሆነ?» ይላሉ። ቆርቆሮው እኮ ብርሃኑን ከነቀለሙ እየመለሰው ነው! ሰማያዊ ሸራ ሥርም እንደዚያው። ነጭ ሚዛኑን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያስተካክለውን) አውቶ ላይ ትታችሁት ከፎቶ ፎቶ ሲለዋወጥባችሁ ደግሞ ቀዩ ጥለት አንዱ ላይ ብርቱካን፣ ሌላው ላይ ወይን ጠጅ ይመስላል። ደንበኛዋ ቀሚሱ ሲደርሳት «ያዘዝኩት ይሄ አይደለም» ብትል ይፈረድባታል? አንድ ቁጥር ላይ፣ ለምሳሌ 5500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ላይ ቆልፉት፤ በኋላ ሁሉንም በአንዴ ማስተካከል ትችላላችሁ።

ደግሞ ለእንቁጣጣሽ የሚነሳው ሁሉ ለምን በቀትር ይሆናል? በነሐሴ መጨረሻ የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ልክ አናት ላይ ናት፤ የሞዴሏ ዓይኖች ጉድጓድ ይሆናሉ። ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት ከ10 ተኩል በኋላ ውጡ። የሚገርመው ደመና ሲሆን ቀጠሮ የሚሰርዙት ናቸው። የክረምት ደመና እኮ በነጻ የተዘረጋ ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ የስቱዲዮ ሳጥን) ነው! ዝናቡን ብቻ ፍሩ።

ቁመቷን ሙሉ ስታነሱ በዚያው 50 ሌንስ 5 ሜትር ያህል መራቅ አለባችሁ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆነው ሌንሱን ሰፊ ወደሚያሳየው 18 ሚሊሜትር ያደርጉትና በዓይናቸው ቁመት ከላይ ወደ ታች ያነሳሉ፤ ጭንቅላቷ ትልቅ፣ እግሯ የሕፃን ይሆናል። ግቢው ውስጥ ውጡ፣ ካሜራውን ወገቧ ጋ ዝቅ አድርጉ። ስትቆርጡም ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ የእጅ አንጓ ላይ አትቁረጡ፣ አካሏ የጎደለ ይመስላል።

«ፈታ በይ» የሚባለውስ ነገር? ፈታ ማለት ምን ማለት ነው? «ክብደትሽን የኋላ እግርሽ ላይ አድርጊ፣ ክርንሽን ከወገብሽ ትንሽ አርቂው፣ አገጭሽን ወደ ፊት ገፋ፣ ከዚያ ዝቅ» በሏት። ግራና ቀኙ የእሷ ይሁን፣ የእናንተ አይደለም። እጃችሁንም ሰብስቡ፣ ልብሱን እሷ ወይም ረዳት ሴት ታስተካክለው።

ልብሱን ደግሞ ከካሜራው በፊት እዩት እንጂ! መተኮስ፣ ትርፉን ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ መያዝ፣ የዋጋ ወረቀቱን መደበቅ 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ በፎቶሾፕ መጨማደድ ማጥፋት ግን ሌሊቱን ይፈጃል። ነጠላውንም አለባበሱን የሚያውቅ ሰው ያልብሳት። ጥለቱ ወደ ላይ፣ ፊቷ ዙሪያ ተጠምጥሞ እያየን ነው እኮ! ያ የለቅሶ አለባበስ ነው፤ ከላዩ በወርቃማ ፊደል «እንኳን አደረሳችሁ» ተብሎ ተጽፎበታል።