ለሙልጭ ጎማ የቀረበ ውዳሴ

ዴንቨር ላይ በረዶ ሲጥል እንደ እኛ ሰው የሚረጋጋ አይገኝም። ጎረቤቱ ገና በኦክቶበር ጎሚስታ ቤት ተሰልፎ የበረዶ ጎማ ያስገጥማል፤ ፈሪ ነዋ! የእኛው ጀግና ግን ሰማዩን ቀና ብሎ ያይና «ነገ ፀሐይ ወጥታ ታቀልጠዋለች» ይላል። እውነቱን ነው፤ ብዙ ጊዜ ታቀልጠዋለች። ችግሩ እርሱ ሥራ የሚገባው ዛሬ ሌሊት መሆኑ ብቻ ነው።

ደግሞስ ያን የመሰለ ቸርኬ ማን ያወልቃል? 20 ኢንች ነው፤ እያብረቀረቀ ፊት ያሳያል። የተገጠመለት ጎማ ከቀበቶ ብዙም አይወፍርም። አንድ ባለሙያ «ለበረዶ አነስ ያለ ቸርኬ፣ ጠበብ ብሎ ጎኑ ወፈር ያለ ጎማ ይሻልሃል፤ ቸርኬው ተራ ብረት ቢሆን ደግሞ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ቢበላውም አይቆጭህም» ብሎ ሊመክረው ሞክሮ ነበር። ተራ ብረት! ሰርግ ሲጠራ በምን ዓይኑ ሰው ሊያይ ነው?

ጎማው ኦል ሲዝን ነው። «ለሁሉም ወቅት ማለት እኮ ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል» ይላል ወዳጃችን። ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ እንዲህ ያለው ጎማ እንደ ሰነበተ ድፎ እየደረቀ መንገዱን መጨበጥ ያቅተዋል። በብርድ ልስልስ እንዳለ የሚቆየው፣ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት የበረዶ ጎማ ነው። ወዳጃችን ግን ተራራ ማየት ሲያምረው ወደ ምዕራብ ዞር ማለት ይበቃዋል።

ወደ ተራራው በሚወስደው አውራ ጎዳና በኢንተርስቴት 70፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ የኮሎራዶ ሕግ ፎር ዊልን (በአራቱም እግሩ የሚነዳውን መኪና) እንኳን አይምርም፤ የጎማው ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች እንዲሆን ያዝዛል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ባለ 25 ሳንቲሙን ዘቅዝቀው ጥርሱ መሀል ሲሰኩት የዋሽንግተን አናት ከታየ ጎማው አብቅቶለታል። በወዳጃችን ጎማ ላይ ዋሽንግተን ከነአንገቱ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ይታዘባል።

የሚያኮራን ግን በፎር ዊል ላይ ያለው እምነት ነው። አራቱም እግር መንዳቱ ለመነሳት ይጠቅማል፤ ፍሬን ሲያዝ ግን መሬቱን የሚቆነጥጠው ጎማው ነው። ታዲያ ጀግና መነሳት እንጂ መቆም መቼ ይወዳል? (ቆጣቢዎቹ ደግሞ ለፊት ብቻ ሁለት የበረዶ ጎማ ይገዛሉ። መታጠፊያው ላይ የኋላው ከፊቱ ቀድሞ ሲደርስ መኪናው ፈጣን የሆነላቸው ይመስላቸዋል።)

ባለፈው ገና ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ያ የሚያብረቀርቅ መኪና ከቤተ ክርስቲያኑ መውጫ አፍ ላይ ጎማውን እያንጫጫ ቆሟል። ነጠላችንን አጣፍተን ስድስት ሆነን ገፋን። እያንዳንዱ ዙር ጭቃና በረዶ ነጠላችን ላይ ይረጫል። አንድ አባት ከበር ላይ የጨው ጆንያ አምጥተው ከጎማው ሥር በተኑ። በመጨረሻ ተንፏቆ ወጣ። ጀግናው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን አወጣና፦

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ይኸው፣ ፎር ዊል ባይሆን ኖሮ እዚሁ ባደርኩ ነበር» አለን።