ኩቺንግ ላይ የበላሁት የቀርከሃ ዶሮ

ማሌዢያ መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ቤቴ ኳላላምፑር ነው። በቅርቡ ለሥራ ሦስት ሳምንት ኩቺንግ ቆይቼ ተመለስኩ። ኩቺንግ ቦርኒዮ ደሴት ላይ ያለችው የሳራዋክ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ከኳላላምፑር በረራው ሁለት ሰዓት አይሞላም። ስትደርሱ ግን ሌላ አገር የገባችሁ ይመስላችኋል። ከተማው ረጋ ያለ ነው፣ ዝናቡ አይጠገብም፣ ምግቡም ሌላ ነው።

የማወራችሁ ስለ ምግቡ ነው።

ካረፍኩበት ቤት ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ ፉድ ኮርት አለ። ፉድ ኮርት ስላችሁ የአዲስ አበባ ሞሎች ላይኛው ፎቅ ላይ ያለውን የሚያብረቀርቅ ነገር እንዳታስቡ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ወንበሩ ፕላስቲክ። ከላይ ማራገቢያ ይሽከረከራል። ዙሪያውን አነስተኛ ምግብ ሻጮች ተደርድረዋል። አንዱ ጋ ቻይናዊው ኑድሉን ያገላብጣል፣ ቀጥሎ የማላይ እናት ላክሳ የሚባለውን የኑድል ሾርባ ይቀዳሉ። ምግቡን ከፈለጋችሁበት ታዛላችሁ፣ መጠጡን የሚያመጣው ሌላ ሰው ነው፣ ሒሳቡም ለየብቻ። ሹፌሩ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ጡረተኛው ሁሉ እዚያው ይበላል።

ጥጉ ላይ ያለችው ሱቅ የኢባን ምግብ ትሸጣለች። ኢባን የሳራዋክ ትልቁ ብሔረሰብ ነው። ዳያክ ደግሞ ኢባንን፣ ቢዳዩንና ሌሎቹን የቦርኒዮ ነባር ሕዝቦች በአንድ ላይ የሚጠሩበት ስም ነው። በባህላቸው የሚኖሩት ረጅም ቤት ውስጥ ነው። አንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ቤተሰብ አለ። እያንዳንዱ የራሱ ክፍል አለው። ከፊት ያለውና ሩአይ የሚሉት ረጅም ሰፊ ቦታ ግን የሁሉም ነው። እንግዳ የሚቀበሉት፣ ምንጣፍ የሚሠሩት፣ የሚያወጉት እዚያ ነው።

ባለ ሱቋን ሁሉም ሰው «አንቲ» ነው የሚላቸው። እዚህ አገር በዕድሜ ከፍ ያሉ ሴቶችን እንዲህ ነው የሚጠሩት፣ እኛ እትዬ እንደምንለው። ስልሳን ሳያልፉ አይቀሩም።

መጀመሪያ የሄድኩት ረቡዕ ቀን ነበር። ጾም ነኝ፣ ሥጋም ቅቤም ወተትም የለም አልኳቸው። አንገታቸው ላይ መስቀል አለ። ከሳራዋክ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ክርስቲያን ነው፣ ስለዚህ ነገሩን ማስረዳት አላስፈለገኝም። «ገባኝ» ብለው ወደ መጥበሻቸው ዞሩ። ብዙውን ጊዜ አትክልቱን የሚጠብሱት በላቻን በሚባል ከሽሪምፕ በሚሠራ ቅመም ነው። ለእኔ በነጭ ሽንኩርት ብቻ አደረጉልኝ። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የኛ ክርክር ሽሪምፕ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚባል እንጃ፤ እኔ ራሴን ማስጨነቅ አልፈለግኩም።)

ያቀረቡልኝ ሚዲን ይባላል። ረግረግ ቦታ ላይ ራሱን ችሎ የሚበቅል የዱር ቅጠል ነው። ጫፉ ጥቅልል ያለ ነው። ለደቂቃ ያህል በኃይለኛ እሳት ይጠበሳል። አረንጓዴነቱ አይጠፋም፣ ስታኝኩት ቀጭ ቀጭ ይላል። ከጎኑ ተወቅጦ የተሠራ የካሳቫ ቅጠል ነበር። ካሳቫን በደቡብ አገራችን ሥሩን እንጂ ቅጠሉን ሲበሉ አይቼ አላውቅም። እነሱ ጋ ቅጠሉ የየቀን ወጥ ነው። በደንብ መብሰል አለበት፣ ጥሬውን መርዝ ነው። ትንሽ ሳህን ላይ ደግሞ ካሳም ኤንሳቢ ጨመሩልኝ። የሰናፍጭ ጎመን በጨው ተይዞ ቀናት ቆይቶ የኮመጠጠ ነው። አንድ ጊዜ ስቀምሰው እናቴ ለዐቢይ ጾም የምታዘጋጀው ስልጆ ትዝ አለኝ። ጣዕማቸው አንድ አይደለም። አፍንጫ ላይ የምትወጣው ነገር ግን ያቺው ናት።

ሚዲን ላይ ትንሽ ልቆይ። አንቲ እንደነገሩኝ ልጅ እያሉ ከመንደር ወደ ከተማ ሲመጡ ይሄ ምግብ ቤት ውስጥ የሚሸጥ ነገር አልነበረም። የገጠር ሰው ለቅሞ የሚበላው ነው። ዛሬ ኩቺንግ ውስጥ የቻይናውም የማላዩም ምግብ ቤት ሚዲን አለው። ከሌላ ከተማ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስቀምሱት እሱን ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 ኩቺንግን የምግብ ጥበብ ከተማ ብሎ ሲመዘግባት እንዲህ ያለው የጫካ ቅጠል የኩራቷ አካል ነው።

እኛ ጋ ሳማን አስቡት። ተቀቅሎ የሚበላበት አገር አለ። ከተማ ውስጥ ግን ስሙ ሲነሳ «የችግር ጊዜ ምግብ» ይባላል። ሰው በልቶት ቢያድግም አያወራውም።

ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ፣ ለዶሮው። ማኖክ ፓንሶ ይሉታል። ማኖክ በኢባንኛ ዶሮ ነው፣ ፓንሶ ደግሞ በቀርከሃ ውስጥ የበሰለ ማለት ነው። እርጥብ ቀርከሃ ይቆረጣል፣ አንዱ አንጓ እንደ ድስት ቂጥ ይሆናል። የተከተፈው ዶሮ ከዝንጅብል፣ ከጨውና ከጠጅ ሳር ጋር ይገባል። አዎ፣ እኛ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ያ ጠጅ ሳር። ዘይት የለውም። አፉ በካሳቫ ቅጠል ይጠቀጠቅና ቀርከሃው እሳት ላይ ተጋድሞ እየተገላበጠ ይበስላል። ውጭው ይከስላል፣ ውስጡ በራሱ እርጥበት ይፈላል። አንቲ ሳህን ላይ ሲገለብጡት መጀመሪያ ቅጠሉ፣ ከዚያ መረቁ፣ ከዚያ ሥጋው ወጣ። መረቁ ከቀርከሃው የወሰደው አንድ ጣፋጭ ሽታ አለው። እኔ በርበሬ የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ይሄ ግን ምንም አልጎደለውም። ሩዙን ጨርሼ መረቁን በማንኪያ ጠጣሁት።

የአሳማ ሥጋም አላቸው። አልበላም ስላቸው ማንኪያውን እንኳ ለዩልኝ። ይሄም የዚህ አገር ነገር ነው። የሚበላውና የማይበላው አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው እንዴት እንደሚከባበሩ ተለማምደውታል። ሱቆቹ ላይ ሃላል የሆነውና ያልሆነው በግልጽ ተጽፏል። ማንም ማንን አይጠይቅም፣ ማንም አይቆጣም።

አጠገቤ አንድ ወጣት ቻይናዊ ጥንድ ያንኑ ዶሮ ይበላ ነበር። ፎቶ አላነሱትም። «የብሔረሰቦች ምግብ እንሞክር» ብለው የመጡም አይመስሉም። ምሳቸው ነው፣ በቃ። ልቤን የነካው ይሄ ነው።

አዲስ አበባ ስሄድ ዘመድ አብሮኝ ካለ የባህል ምግብ ቤት መሄዴ አይቀርም። ደስ ይለኛል። መድረኩ ላይ የጉራጌው፣ የወላይታው፣ የትግራዩ፣ የኦሮሞው፣ የጋምቤላው ጭፈራ በተራ ይመጣል። ልብሱ ይለዋወጣል፣ እስክስታው ወደ ወገብ፣ ወገቡ ወደ እግር ይወርዳል። ትሪው ግን አይለዋወጥም። በያይነቱ፣ ጥብስ፣ ክትፎ፣ ዶሮ ወጥ። ኅዳር 29 ሲደርስም ቴሌቪዥኑን የሚሞላው ልብስና ጭፈራ ነው። ከ80 በላይ ብሔር ብሔረሰቦች አሉን እንላለን። የስንቶቹን ምሳ ቀምሰናል? በእርግጥ ጥሕሎ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ። ቆጮም ከክትፎ ጋር ተከትሎ ከተማ ገብቷል። ከዚያ ወዲያ ግን ቁጠሩ ብትሉኝ ጣቴ ይተርፋል።

አምስተኛ ክፍል እያለን ከአርባ ምንጭ ወገን የመጣ ልጅ አብሮን ይማር ነበር። እናቱ አንዳንድ ቀን ምሳ ዕቃው ውስጥ ኩርኩፋ ይቋጥሩለታል። ከዱቄት ድቡልቡል እየተደረገ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቀል ምግብ ነው። «ሣር ይበላል» ተባለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ ክዳኑን ግማሽ ብቻ ከፍቶ፣ በእጁ ከልሎ ነበር የሚበላው። በኋላ እናቱ እንጀራ በሽሮ መቋጠር ጀመሩ።

ያ ቅጠል ዛሬ ሞሪንጋ ተብሎ በዱቄትም በእንክብልም ይሸጣል። ኳላላምፑር የጤና ምግብ መደብር ውስጥ መደርደሪያ ላይ አይቼዋለሁ። ባየሁት ቁጥር ያ ምሳ ዕቃ ይታየኛል።

ሳራዋክም ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ሆኖ አልመጣም። የዳያኮች የምስጋና በዓል የሆነው ጋዋይ በይፋ መከበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ግንቦት 24፣ በፈረንጆቹ ጁን 1፣ ሩዙ ከተሰበሰበ በኋላ ይውላል። በዚያን ቀን የከተማው ልጅ ሁሉ ወደ ረጅሙ ቤት ይመለሳል። ዶሮው በቀርከሃ ይበስላል፣ ቱዋክ የሚባለው ከሩዝ የሚጠመቅ መጠጥ ይቀዳል። ቱዋክን እንደኛ ጠላ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው ቤት ውስጥ የሚጠምቁት። አንቲ እንዳሉኝ ለረጅም ጊዜ ይሄ ምግብ የዚያ ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ እንደሳቸው ያሉ ሴቶች ትንሽ ሱቅ እየተከራዩ ከኑድሉ ጎን አቀረቡት። መጀመሪያ የገዟቸው ከመንደር የመጡ ግንበኞችና ሾፌሮች ናቸው። ቀጥሎ የነሱ ጓደኞች። አሁን ምሳ ሰዓት ላይ ከዘገያችሁ ዶሮው አልቋል።

የመጨረሻው ቀን ልሰናበታቸው ሄድኩ። ሥራ ቀለል ብሏቸው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አገርህ ቀርከሃ አለ?» አሉኝ።

«በጣም ብዙ» አልኳቸው። እውነት ነው፣ በአፍሪካ ብዙ የቀርከሃ ደን ካላቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ዶርዜዎች ቤታቸውን ከቀርከሃ እንደሚሠሩ በስልኬ ፎቶ አሳየኋቸው። ወንበርም፣ አጥርም፣ ቅርጫትም ይሆናል አልኳቸው።

ፎቶውን አጉልተው ሲያዩ ቆዩ። «ቀንበጡንስ ትበሉታላችሁ?»

ወደ ምዕራብ በኩል፣ በቤንሻንጉል ጉሙዝ የሚበሉ ወገኖች አሉን አልኳቸው።

«እንዴት ነው የሚሠሩት? ይጣፍጣል?»

«አልቀመስኩም» አልኳቸው።