የወደቀ ሰው የአሸናፊውን ዶሴ ሲያነብ

ስዊድን ውስጥ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሥራ ያስገባችሁት ማመልከቻ የሕዝብ ሰነድ ነው። ማንም ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል። እኔ ይሄን ያወቅሁት ለባዮኢንፎርማቲክስ (የባዮሎጂ መረጃን በኮምፒውተር መተንተን) ተመራማሪነት ተወዳድሬ ስወድቅ ነው። ባልደረባዬ "ያሸነፈውን ለምን አታየውም?" አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ኢሜይል ጻፍኩ፣ የአመልካቾቹ ስም ዝርዝርና የአሸናፊው ማመልከቻ መጣልኝ። ምን እንዳሳተመ፣ ምን ሶፍትዌር እንደጻፈ፣ ሁሉም አለ። ይበልጠኛል። ተናድጄ ነበር፤ ግን በማን ልናደድ?

ውሳኔውም አብዛኛውን ጊዜ ይለጠፋል። ቅር ያለው በ3 ሳምንት ውስጥ ይግባኝ ይላል።

አሁን ደግሞ የአክስቴን ልጅ ጉድ ስሙልኝ። ማስተርሱ በባዮሎጂ ነው። አር እና ፓይተን የሚባሉትን የኮምፒውተር ቋንቋዎች ማታ ማታ፣ መብራት ሲኖር፣ ራሱን በራሱ አስተማረ። የሰው፣ የጤፍ፣ የወባ ተውሳክ የጂኖም (የሙሉ ዘረመል) መረጃ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተዘርግፏል። ለዚህ ሥራ ነጭ ጋዋንና ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም፤ ላፕቶፕና የማይቆራረጥ ኔት ካለ ብዙ ይሠራል።

አገር ቤት አንድ ዩኒቨርሲቲ የባዮኢንፎርማቲክስ ሥራ ማስታወቂያ አወጣ። ዋናውንና ኮፒውን ይዞ፣ በአካል ቀርቦ፣ ተሰለፈ። መዝጋቢዋ ዲግሪውን አገላብጣ አየች።

"ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ባዮሎጂ ነው የሚለው።"

"የሠራሁትን ላሳይዎት" ብሎ ላፕቶፑን ሊያወጣ ሲል፣ "እሱ ለፈተና ጊዜ ነው" አለችው። ፈተናው መቼ ደርሶ! "የትምህርት ዝግጅቱ አይመሳሰልም" ተብሎ ወደቀ። ማን አለፈ? በምን ነጥብ? ሲጠይቅ "የሰው ማስረጃ አናሳይም" አሉት።

አይመሳሰልም! እዚህ ከጎኔ የሚቀመጠው ፊዚክስ የተማረ ነው። ፊት ለፊቴ ያለችው ስታቲስቲክስ። ሙያው ራሱ የባዮሎጂና የኮምፒውተር ቅይጥ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ዘንድ ዲግሪው ላይ "ባዮኢንፎርማቲክስ" የሚለው ቃል ካልተጻፈ የለም። የጤፍ ጂኖም ረቂቅ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታተም ሥራውን የመራው የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ነው። ቡድኑ ውስጥ የእኛው ሰው ነበረበት፣ ደስ ይላል። ግን ጤፍ የማን ነው?

እዚህ ሁሉ ማር ነው እያልኩ አይደለም። አንዳንዱ ማስታወቂያ ለአንድ ሰው በልኩ የተሰፋ ይመስላል። የእኔም ውል ከፕሮጀክቱ ገንዘብ ጋር ነው የሚያልቀው። ሳይንሱን ትቼ ማመልከቻ ስጽፍ የማመሽበት ጊዜ አለ። ለቤት ብድር ባንክ ስሄድ "ቋሚ ነህ?" ይሉኛል፤ ዝም እላለሁ። ይሄ ያናድደኛል፣ አልዋሽም።

የአክስቴ ልጅ አሁን ባንክ ገብቷል። ደመወዙ ከዩኒቨርሲቲው ይሻላል። "ያስገባኸውን ኮፒ መለሱልህ ወይ?" ብዬ ስጠይቀው ሳቀብኝ።