«ተገላገለች» ብለን ስንረሳት

ቃሉ ራሱ ነው መሰለኝ የሚያዘናጋን። ሴት ስትወልድ «ተገላገለች» እንላለን፣ በቃ አለቀ፣ ከዛ በኋላ የሁሉም ዓይን ህፃኑ ላይ ነው፣ ስንት ኪሎ ሆነ፣ ማንን ይመስላል፣ ጡት ያዘ አልያዘ። እናትየው ራሴን አመመኝ ብትል «እንቅልፍ አጥተሽ ነው» ትባላለች። እንደዛ ካሉት አንዱ እኔ ነኝ፣ እህቴ በወለደች በስድስተኛው ቀን።

ራስ ምታቱ ማስታገሻ ብትውጥም አልለቅ ብሏት ነበር፣ ከጎድን አጥንቷ ስር ደግሞ ይወጋኛል ስትል ጨጓራ ነው አልናት፣ ከዛ ስልኳን ይዛ «ፊደሉ ብዥ ይልብኛል» ስትለኝ ብርሃኑን ቀንሺው አልኳት (እንዲህ ነው ብልጠት)። አባታችን ግፊት ስላለበት ቤት ውስጥ መለኪያ አለ፣ ለወጉ ያህል ብናስርላት 168 በ112! ማሽኑ ተበላሽቷል ብለን ደግመን ለካን፣ ያው ነው። በእርግዝናዋ ጊዜ ግፊቷ አንድም ቀን ከፍ ብሎ አያውቅም ነበር።

ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል፣ ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ ነው የሚመጣው፣ ግፊት 140 በ90 ወይ ከዛ በላይ ሲሆንና ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ፣ ግን ፕሮቲን ባይኖርም ጉበት፣ ኩላሊት ወይም ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሴል) ከተነካ ያው እሱ ነው፣ «ሽንትሽ ንፁህ ነው» ተብሎ መሸኘት አያዋጣም። ነገሩ የሚጀምረው ከእንግዴ ልጁ ነው፣ ወደሱ ደም የሚወስዱት ስሮች ገና ከጅምሩ በደንብ ሳይሰፉ ይቀራሉ፣ ደም ሲያንሰው ወደ እናትየው ደም የሚለቃቸው ነገሮች የሷን የደም ስር ይጎዳሉ። ለዛ ነው «መድኃኒቱ መውለድ ነው» የሚባለው፣ ግን ይሄ ግማሽ እውነት ነው፣ እንግዴ ልጁ ወጣ ማለት የተጎዳው ስር በዛው ቀን ዳነ ማለት አይደለም፣ ከወሊድ በኋላ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊነሳ ይችላል።

ጠንካራ ናት ምን ትሆናለች የሚባለውም አይሰራም። ሯጯ አሊሰን ፊሊክስ በ2018 ለተራ ክትትል ሄዳ ነው በ32ኛ ሳምንቷ ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ተገኝቶባት በኦፕራሲዮን የወለደችው። የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ሰው!

በጊዜ ለማወቅ የእንግዴ ልጁን ሁኔታ የሚያሳይ የደም ምርመራ መጥቷል፣ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን ትልቁ ጉድለት ማሽን ነው ብዬ አላምንም፣ ክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ በየቀጠሮው በስርዓት ይታሰር። እየሮጠች የገባችን ሴት እግሯን አጣምራ እያወራች ለክቶ «ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ደንግጠሽ ነው» ማለት ልኬት አይደለም፣ አምስት ደቂቃ ትረፍ፣ ጀርባዋ ይደገፍ፣ ክንዷ ከልቧ እኩል ይሁን፣ ማሰሪያውም በክንዷ ልክ። በፊት የያዛት፣ መንታ ያረገዘች፣ ስኳር ወይ የኩላሊት ችግር ያለባት ደግሞ ገና በ12ኛው ሳምንት አካባቢ በሽታውን ለመከላከል ስለሚሰጠው አስፕሪን ሐኪሟን ትጠይቅ፣ በራሷ ግን አትጀምር።

የኔ ዋና ቅሬታ ከወሊድ በኋላ ባለው ነው። ህፃኑ ቶሎ ቶሎ ይታያል፣ እናትየው 6 ሳምንት ቆይተሽ ነይ ትባላለች፣ አደጋው የሚበዛው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። በእርግዝና ግፊት የነበራት በ3 ቀንና ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ትለካ ይባላል፣ እኔ ደግሞ ያልነበራትም ትለካ ባይ ነኝ፣ የእህቴን አይቻለሁ።

እሷ ማግኒዚየም ሰልፌት 24 ሰዓት ተሰጣት፣ እንዳያንቀጠቅጣት፣ ሲገባ ሰውነቴን እሳት እሳት ይለኛል ትል ነበር፣ በኋላ ግን ግፊቷ ወረደላት። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጪ «ግፊቴ ስንት ነው» በይ፣ «ደህና ነው» ካሉሽ ቁጥሩን ንገሩኝ በይና ስልክሽ ላይ ጻፊው። ቤት ለክተሽ 160 በ110 ወይ ከዛ በላይ ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ስትደርሺ ደግሞ መጀመሪያ «ከወለድኩ ይሄን ያህል ቀኔ ነው» በያቸው፣ ሆድሽ ስለጎደለ አይተው አያውቁም።