በሽታውን የደበቀ

ባለፈው ሰሞን አራት ሴቶች ተቀምጠን ስንጨዋወት፣ ታናሻችን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ከብልቷ የሚወጣው ፈሳሽ ወደ ግራጫ መለወጡንና በተለይ ከግንኙነት በኋላ የዓሣ ዓይነት ሽታ ማምጣቱን ነገረችን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቅያሪ የውስጥ ሱሪ በቦርሳዋ ይዛ መዞሯን፣ ከሰውም ራቅ ብላ መቀመጧን ስትናገር ዓይኗ እንባ አቀረረ።

በዕድሜ የሚበልጡን ሴት ወዲያው፣ «ንጽሕና ጎድሎሽ ነው፤ ውስጡን ሽቶ ባለው ሳሙና ታጠቢው፤ ለሰውም አታውሪ» አሉ። ማስረጃቸው እናታቸውም እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር ብቻ ነው።

በጤና ሙያ የምትሠራው ጓደኛችን ግን፣ «እትዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለች። ብልት ራሱን እንደሚያጸዳ፣ ላክቶባሲለስ የተባሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በሚሠሩት አሲድ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) አብዛኛውን ጊዜ ከ3.8 እስከ 4.5 ሆኖ ጎጂ ተሕዋስያንን እንደሚገታ፣ ውስጥን መታጠብ ግን ይህን ጥበቃ እንደሚያውክ አስረዳች። ታላቋ «እኔስ ምን ሆንኩ?» ከማለት በቀር መልስ አልነበራቸውም፤ ድምፃቸውን ግን ከፍ አደረጉ። እውነቱ ከማን ጋር እንዳለ ለእኔ ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ።

«እንቁላል በሚለቀቅበት ሰሞን ፈሳሹ ጠርቶ ቢለጠጥ ጤና ነው» ስትል ቀጠለች። «እንደ ረጋ ወተት ነጭና ወፍራም ሆኖ ካሳከከ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ አረፋ ካወጣ ትሪኮሞናስ የተባለው በግንኙነት የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ ይጠረጠራል፤ ያኔ የትዳር ጓደኛም አብሮ ይታከማል። የአንቺ የባክቴሪያ ሚዛን መዛባት ይመስለኛል፤ ተመርመሪ፣ ሐኪም በሚያዘው መድኃኒት ይድናል። ትኩሳት ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም ከመጣ ግን ሳታድሪ ሂጂ።» ታላቋ አሁንም «ነውር ነው» ሲሉ፣ እርሷም አሁንም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለች።

እኔም እላለሁ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ያቺን ልጅ ሦስት ሳምንት ያሠቃያት ከሽታው ይልቅ ነውር የተባለው ነገር ነው። ስለ ጨጓራውና ስለ ጥርሱ በሰው ፊት የሚያወራ ማኅበረሰብ ሴት ስለዚህ አካሏ ስትጠይቅ ፊቱን ያዞራል፤ ነጋዴውም ዝምታውን ተጠቅሞ ሽቶ የተነከረ መታጠቢያ ይሸጥላታል። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ መምህራችን ይህን የሚያስተምረውን ምዕራፍ «ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ዘለለው፤ ፈተና ላይም አልመጣም።